ቴሲሳችሁ የቆመው የት ላይ ነው?

የማስተርስ ተማሪ ቴሲሱን፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ይዞ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አልወጣ ብሎ ነው ወይስ ወጥቶ እየተመለሰ?

ብዙዎቹ በጥያቄው ግር ይላቸዋል። "ያው መጻፍ አቃተኝ" ይሉኛል። ግን ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። ማታ ላይ ሲያየው ገጹ ባዶ ነው። ሌላው ሠላሳ ገጽ ጽፎ አስረክቧል፤ አድቫይዘሩ ግን "ሪራይት" ብለው መልሰውበታል። የመጀመሪያው ችግር ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለተኛው በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል ነው። መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ስለ አጻጻፍ የሚያጠኑ ሰዎችም እዚሁ ላይ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን "ሰው ሲጽፍ አእምሮው ምን ይሠራል?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ወገን "የሚጽፈው ለማን ነው? በየትኛው ማኅበረሰብ ወግ? እነማን ለተናገሩት ነገር መልስ እየሰጠ ነው?" ይላል። በ1980ዎቹ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተከራክረውበታል (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እኔ አንዱን መርጬ ሌላውን አልጥልም። አልወጣ ላለው ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን እሰማለሁ። ወጥቶ ለሚመለሰው ሁለተኛዎቹን። ከዚህ በታች የምነግራችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ስሙ

ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጉት። በሩን ዝጉ። የጀመራችሁትን ምዕራፍ ክፈቱና ለሃያ ደቂቃ ያህል ጻፉ። እየጻፋችሁ ግን በጭንቅላታችሁ የሚያልፈውን ሁሉ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በመጣላችሁ ቋንቋ። "ይሄን የት ነበር ያነበብኩት?" ካላችሁ እሱንም በሉት። "ኤጭ" ካላችሁም እሱንም።

ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ ሰዎችን እንዲህ እያስወሩ አጻጻፋቸውን አጥንተዋል። በ1981 ያወጡት ሞዴል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከዚያ በፊት በሰፊው የሚታመነው መጀመሪያ ይታቀዳል፣ ቀጥሎ ይጻፋል፣ በመጨረሻ ይታረማል የሚለው ነበር። እነሱ ያዩት ሌላ ነው። ማቀድ፣ ሐሳብን ወደ ቃል መለወጥና መለስ ብሎ ማየት ተራ አይጠብቁም። አንዱ በሌላው መሐል ይገባል። ሰውየው ዓረፍተ ነገር እያረመ ሳለ አዲስ ሐሳብ ይመጣለታል፤ ወደ ዕቅዱ ይመለሳል፤ ግቡን ራሱን ይለውጣል። ጎበዝ ጸሐፊ ይህን መመላለስ ያስተዳድረዋል። ያልለመደው ይጠለፍበታል።

ቅጂያችሁን ስትሰሙ ሦስት ነገር ለዩ። ስለ ሰዋስውና ስለ ፊደል የተናገራችሁትን በአንድ ቀለም ጻፉ። "ምን ልበል?" ያላችሁትን በሌላ። "አድቫይዘሬ ምን ይሉኛል?" ያላችሁትን በሦስተኛ። የትኛው ቀለም ገጹን እንደሞላው ስታዩ ችግራችሁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። "ሰነፍ ነኝ" ብሎ የመጣ ሰው ይህን ካደረገ በኋላ ስለ ራሱ የሚናገረው ሲለወጥ አይቻለሁ። ሰውየው ሲሠራ ነው የዋለው። ሦስት ሥራ ባንዴ እየሠራ ነው እንጂ።

እርማቱ ቀድሞ ከመጣ

የመጀመሪያው ቀለም ከበዛ ችግራችሁ ያለጊዜው የመጣ እርማት ነው። የአጻጻፍ ተመራማሪዋ ሶንድራ ፐርል በ1979 ባሳተመችው ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ ጽሑፍ ይከብዳቸዋል የተባሉ አምስት የኮሌጅ ተማሪዎችን ተከታትላ ነበር። ተማሪዎቹ ሐሳብ አላጡም። ጥቂት ቃላት ይጽፉና ስህተት ፍለጋ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ሐሳቡ ይቆረጣል።

እኛ ዘንድ ይህ ይብሳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቃለ መጠይቁን የሠራነው በአማርኛ ነው። ገበሬው የነገረን በአማርኛ ነው። ጓደኛችን "ስለምንድን ነው የምትሠራው?" ሲለን የምናስረዳውም በአማርኛ ነው። ይህን ሁሉ ይዘን ባዶ ገጽ ፊት ስንቀመጥ አእምሯችን ሐሳብ መፈለግ፣ ማደራጀት፣ መተርጎምና ማረም ባንድ ጊዜ ይጠየቃል። አእምሮ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮናልድ ኬሎግ በ1988 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን የሥራ ደብዳቤ እያስጻፈ ሞክሮት ነበር። ከመጻፋቸው በፊት አውትላይን፣ ማለትም የሐሳባቸውን ዝርዝር ዕቅድ፣ የሠሩት የተሻለ ደብዳቤ ጻፉ። ዕቅዱን አስቀድመው ስለጨረሱ ሙሉ ትኩረታቸው ለዓረፍተ ነገሩ ተረፈ።

እንግዲህ አውትላይን ሥሩ። በወረቀት፣ በእስክሪብቶ፣ በአማርኛ። በዚህ ቋንቋ ማቀድ ነውር የሚመስላቸው ተማሪዎች ያጋጥሙኛል። እንግሊዝኛቸውን የሚያበላሽባቸው ይመስላቸዋል። አሌክሳንደር ፍሪድላንደር በ1990 ያሳተመው ጥናት ተቃራኒውን ያሳያል። ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን በእንግሊዝኛ አስጻፈ። ርዕሰ ጉዳዩን ያወቁት በቻይንኛ ከሆነ፣ በቻይንኛ ሲያቅዱ ዕቅዳቸውም የእንግሊዝኛ ጽሑፋቸውም የተሻለ ሆነ። ያወቃችሁት በየትኛው ቋንቋ ነው? በዚያው አቅዱት።

ወደ ኮምፒውተሩ ስትሄዱ ደግሞ ወርድ ላይ ያለውን ቀዩን መስመር አጥፉት። የእንግሊዝኛ ቃል ከጠፋባችሁ የአማርኛውን ጻፉና ቢጫ ቀቡት። አትቁሙ። ቢጫዎቹን ማታ ትመለሱባቸዋላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማይክ ሮዝ የሚባል ተመራማሪ በ1980 ባሳተመው ጥናት በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሥር ተማሪዎችን አነጋገረ። አምስቱ መጻፍ ይቆምባቸዋል፣ አምስቱ አይቆምባቸውም። የሚቆምባቸው ሰዎች በሕግ የታሰሩ ሆነው አገኛቸው። አንድ ቦታ የሰሙትን ምክር እንደማይሻር ሕግ ይዘውታል። የሌሎቹም ጭንቅላት ሕግ አለው፤ ግን ካልሠራ ይተዉታል።

እኔ የምሰማቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው። "ባክግራውንድ ከግሎባል ተነስቶ ወደ አፍሪካ፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው መውረድ አለበት።" "ቻፕተር ዋን ሳያልቅ ቻፕተር ቱ አይነካም።" "ሳይቴሽን የሌለው ፓራግራፍ አይኖርም።" የያዛችሁትን ሕግ ወረቀት ላይ ጻፉትና ከጎኑ ማን እንደነገራችሁ ጻፉ። የዲፓርትመንቱ ጋይድላይን ላይ ካለ አክብሩት። ከሌለ ምክር ነው። ሜቶዶሎጂው ቀሎ ከታያችሁ ከሜቶዶሎጂው ጀምሩ።

ያወቁትን መዘርዘርና ያወቁትን መለወጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሁለተኛው ቀለም፣ "ምን ልበል?" የሚለው። ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ቴሲስ የሚሞተው እዚህ ነው።

ካርል በራይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ ቶሮንቶ ውስጥ ለዓመታት የሕፃናትንና የአዋቂዎችን አጻጻፍ አጠኑ። በ1987 ባወጡት ሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ለዩ። አንዱ ዕውቀትን መናገር ነው። ጸሐፊው ርዕሱን ያያል፣ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይጽፋል፣ እሱ ሌላ ያስታውሰዋል፣ ያንንም ይጽፋል። ሲያልቅበት ያቆማል። ሌላው ዕውቀትን መለወጥ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ጥያቄ ያጋጫል፤ "እውነቱ ምንድን ነው?" እና "ይህን አንባቢዬ እንዴት ያምነኛል?"። አንባቢን ለማሳመን ሲታገል፣ ነገሩን ራሱ እንደማያውቀው ይገባዋል። ተመልሶ ያስባል። ጽሑፉ ሲያልቅ የሚያውቀው ነገር ሲጀምር ከሚያውቀው ይለያል።

የጤና ባለሙያ የሆነች አንዲት ተማሪ ስለ ኩፍኝ ሁለተኛ ዙር ክትባት ትሠራ ነበር። የመጀመሪያው በ9 ወር ይሰጣል፣ ሁለተኛው በ15 ወር። የመጀመሪያ ረቂቋ በአማርኛ ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦

"ኩፍኝ በቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ክትባት ኩፍኝን ይከላከላል። ሁለተኛው ዙር በ15 ወር ይሰጣል። ብዙ እናቶች ግን ልጆቻቸውን ለሁለተኛው ዙር አይመልሱም። ምክንያቶቹ ርቀት፣ የግንዛቤ ማነስና የሥራ ጫና ናቸው።"

ሐሰት የለበትም። ግን ዝርዝር ነው። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ አንደኛ ብታደርጉት ምንም አይለወጥም። ዝርዝር መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን በትኑት። ካልተጎዳ ክርክር የለውም።

ጽሑፉን አላረምኩላትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት። "የ9 ወሩን ያስከተበች እናት ለ15 ወሩ የቀረችው ለምንድን ነው? መንገዱ ያው ነው፣ ጤና ጣቢያውም ያው ነው።" ዝም አለች። ከዚያ "ርቀት ከሆነ እኮ መጀመሪያም አትመጣም ነበር" አለች። ትንሽ ቆይታ "በ9 ወሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ዝም ነው" አለች። ይህን ከሥራዋ ታውቀዋለች፤ እናቶቹን በየቀኑ ታገኛቸዋለች። ግን ጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፤ ምክንያቱም ጽሑፉ አልጠየቃትም ነበር። የተለወጠው ረቂቅ እንዲህ ጀመረ፦

"የ9 ወሩን ክትባት ያስከተበች እናት የጤና ጣቢያውን መንገድ ታውቃለች። ስለዚህ ርቀት ብቻውን በ15 ወር መቅረቷን አያስረዳም። ይህ ጥናት በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ባለው ስድስት ወር ውስጥ ለእናቲቱ ማን፣ ምን እንደሚነግራት ይጠይቃል።"

የቃለ መጠይቁ ጥያቄዎችም ተለወጡ። ሜቶዶሎጂውም ተለወጠ። ጥናቱን የቀየረው መጻፉ ነው።

እናንተም አድርጉት። ከእያንዳንዱ ፓራግራፍ ሥር በእጅ ሁለት ነገር ጻፉ፤ "ስለዚህ..." እና "ግን እኮ..."። ሁለቱንም ጨርሱ። "ስለዚህ" የሚለው ካልመጣላችሁ ፓራግራፉ ገና ሥራ የለውም። "ግን እኮ" የሚለው ጠንክሮ ከመጣ ቀጣዩን ፓራግራፍ አገኛችሁ ማለት ነው። ይህን ሥራ ለኤአይ አትስጡት። እንግሊዝኛውን እንዲያስተካክልላችሁ ልትጠይቁት ትችሉ ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ የሚፈቅደውን እዩ። "ግን እኮ" የምትለው ግን እናቶቹን ያገኘችው ሴት ናት።

ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ

ሦስተኛው ቀለም፣ "አድቫይዘሬ ምን ይሉኛል?" የሚለው፣ የሚወስደን ወደ ሰዎች ነው። የአጻጻፍ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ቢዜል በ1982 ፍላወርንና ሄይስን ስትተች ያነሳችው ይህን ነበር። ሞዴሉ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ ያሳያል፤ ጸሐፊው ለምን እንዲህ እንደሚወስን ግን አይነግረንም። ውሳኔው የሚመጣው ከማኅበረሰቡ ወግ ነው። ወጉን የማያውቅ ሰው አእምሮው ጤነኛ ሆኖም ይወድቃል።

ሌላው የአጻጻፍ ተመራማሪ ዴቪድ ባርቶሎሜ በ1985 እንዳስቀመጠው ተማሪ ለመጻፍ በተቀመጠ ቁጥር ዩኒቨርሲቲውን ራሱ መፍጠር አለበት። ገና ባልገባበት ማኅበረሰብ ቋንቋ፣ እንደገባ ሆኖ መናገር ይጠበቅበታል። ተማሪዎቻችን ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ሲደረድሩ የምናየው ለዚህ ነው። የምሁር ድምፅ እየሞከሩ ነው። ይህን ሳይ ልቤ ይነካል፤ ሊሳቅበት አይገባም። ግን ከመገመት የተሻለ መንገድ አለ።

በራሳችሁ ዲፓርትመንት የጸደቁ ሦስት ቴሲሶች አውጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብዙ ቴሲሶች በኢንተርኔት ማከማቻው ታገኛላችሁ። በመስካችሁ ጥሩ ጆርናል ላይ የወጡ ሦስት ጽሑፎችም ጨምሩ። ይዘታቸውን ተዉት። መግቢያቸውን ብቻ በሦስት ቀለም አቅልሙ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ስዌልስ የጥናት መግቢያዎችን አጥንቶ በ1990 ባወጣው ሥራ ሦስት እርምጃ አሳይቷል። መጀመሪያ ጸሐፊው መስኩን ያሳያል፤ እስካሁን ምን እንደተባለ ይናገራል። ቀጥሎ የጎደለውን ያሳያል። በመጨረሻ ያንን ጉድለት እኔ እሞላዋለሁ ይላል። ስታቀልሙ የራሳችሁ መስክ ጉድለቱን በስንተኛው ፓራግራፍ እንደሚያነሳ፣ በየትኛው ቃል እንደሚያነሳ ታያላችሁ። ከዚያ የራሳችሁን መግቢያ አቅልሙ። ብዙ ጊዜ የማየው የመጀመሪያው ቀለም ስድስት ገጽ ሞልቶ ሁለተኛው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ነው።

ያቺ አንዷ መስመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "በዚህ ወረዳ ላይ ጥናት አልተሠራም" የምትል ናት። ይህን ጋፕ ብላችሁ አትጻፉ። ያልተጠና ወረዳ ብዙ ነው። ፈታኙ የሚጠይቃችሁ "ይህ ወረዳ ሌላው ያልነገረንን ምን ይነግረናል?" ብሎ ነው። እዚያ ምን የተለየ ነገር አለ? ገበያው? ፍልሰቱ? መንገዱ? እሱን ጻፉ። ጋፕ ማለት ቀደም ብለው የተናገሩት ሰዎች በመረጃችሁ ፊት ሲቆሙ የማይመልሱት ጥያቄ ነው።

ፕሮፖዛሉንም ከዚሁ ጋር እዩት። ካሮሊን ሚለር በ1984 እንዳለችው የጽሑፍ ዓይነት የሚለየው በቅርጹ ብቻ አይደለም፤ በሚፈጽመው ድርጊት ነው። ፕሮፖዛል ፈቃድ ይጠይቃል። "ይህን ልሥራ፣ እችላለሁ፣ በዚህ ጊዜና በዚህ ገንዘብ ይሆናል" ይላል። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳውን ከሌላ ሰው ቀድታችሁ አትለጥፉ። አንባቢው ብዙ ጊዜ የሚያምናችሁ ወይም የሚጠራጠራችሁ እዚያ ላይ ነው።

ለሰው ንገሩት

ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1934 ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር። ከተወልን ሐሳብ አንዱ ይህ ነው፦ ሰው መጀመሪያ ከሌሎች ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያ ንግግሩ ወደ ውስጥ ይገባና ማሰቢያው ይሆናል። የውስጥ ንግግር አጭርና ቁርጥራጭ ነው፤ ለራሳችን ስለሆነ ይገባናል። ጽሑፍ ግን ሁሉንም ዘርግቶ ማስቀመጥ ይፈልጋል። በ1984 ኬኔት ብሩፊ ከዚህ ተነስቶ ጽሑፍ ወደ ውጭ የተመለሰ ውይይት ነው አለ። አብሮት በደንብ የሚወያይ ሰው የሌለው፣ በደንብ ለመጻፍም ይቸገራል።

ይህን በደንብ የሚያውቅ ትምህርት ቤት አገራችን ውስጥ አለ። የቅኔ ተማሪ ጸጥ ያለ ቦታ ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በጭንቅላቱ ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። እሳቸው ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ያቃናሉ። ጀማሪው የሚነሳው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ቆጠራው የብቻ ነው፣ ነገራው የጋራ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ቆጠራ ብቻ ነው የተረፋቸው። ዶርም ውስጥ ወይም ላይብረሪ ጥግ ለብቻቸው ይታገላሉ። የሚሰማቸው ሰው የሚያገኙት ዲፌንስ ቀን ነው።

ሦስት ሆናችሁ በሳምንት አንዴ ተገናኙ። ቡና ቤትም ይበቃል። እያንዳንዱ ወረቀት ሳያይ አምስት ደቂቃ ሥራውን ይናገር። አድማጮች ሁለት ነገር ብቻ ይበሉ፤ "እኔ የሰማሁት ይህን ነው" እና "እዚህ ጋ ጠፋህብኝ"። ሰዋስው አይነሳ። ተናጋሪው ሲጠፋባቸው ያስተካከለበትን አነጋገር ወዲያው ይጻፈው፤ የፓራግራፉ መክፈቻ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከሌላ ዲፓርትመንት ቢሆን እመርጣለሁ። የአንድ ክፍል ልጆች ሳይገባቸው የገባቸው ይመስላቸዋል።

ኮመንት ሲመጣ

የአጻጻፍ ተመራማሪዋ ናንሲ ሶመርስ በ1980 ባሳተመችው ጥናት ሃያ ተማሪዎችንና ሃያ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎችን አነጻጸረች። ተማሪዎቹ ማረም ማለት ቃል መቀየር መሰላቸው። ልምድ ያላቸው ግን የክርክሩን ቅርጽ ይፈልጉ ነበር፣ አንባቢያቸውንም እያሰቡ። እዚያው ላይ አልቆመችም። በ1982 የመምህራንን ኮመንት አጥንታ፣ ብዙው ከየትኛውም ጽሑፍ ላይ ሊለጠፍ የሚችል ጥቅል አስተያየት ነው አለች። "አብራራው፣" "ግልጽ አድርገው" የሚሉት ናቸው። አድቫይዘሮችም ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ኮመንቱ ሲደርሳችሁ ያን ቀን አትንኩት። በማግስቱ በሦስት ክፈሉት፤ ቃል፣ ዓረፍተ ነገር፣ ክርክር። ከክርክሩ ጀምሩ። ክርክሩ ሲስተካከል ከቃል እርማቶቹ ብዙዎቹ የነበሩበት ገጽ ራሱ ይጠፋል። በየፓራግራፉ ጠርዝ ላይ "ይህ ምን ይሠራል?" የሚለውን በአንድ መስመር መልሱ። ሁለት ፓራግራፍ አንድ ሥራ ከሠሩ አንዱን አውጡ።

ጥቅል ኮመንት ካለ ለመገመት አትሞክሩ። ሁለት አማራጭ ጽፋችሁ ሂዱ። "ዶክተር፣ እዚህ ላይ 'ግልጽ አይደለም' ያሉኝን በሁለት መንገድ ጽፌዋለሁ፤ የፈለጉት የትኛውን ነው?" በሏቸው። "እባክዎ ይዩልኝ" ከሚለው ይህ ቶሎ መልስ ያገኛል፤ ለአድቫይዘሩም ሥራ ያቀላል። ረቂቁን መልሳችሁ ስትልኩ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አያይዙ፤ የተሰጠው ኮመንት፣ ያደረጋችሁት፣ ገጹ። ያልተቀበላችሁት ኮመንት ካለም እዚያው ላይ ምክንያታችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዲፌንስ ላይ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ መልሱን አስቀድማችሁ ጽፋችሁት ትገባላችሁ።